ጮቄ ተራራ ሥር፣ ታጣፊ ካምፐር ውስጥ፦ አንድ ቤተሰብ ከከሰል ጋዝ የተረፈበት ሌሊት

በጥር 2012 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ምሥራቅ ጎጃም ስናን ወረዳ ውስጥ በታጣፊ ካምፐር (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ) ያደሩ አራት ሰዎች በከሰል ጋዝ ተመርዘው ለጥቂት ተርፈዋል። ከአራቱ ሁለቱ ልጆች ናቸው። ቤተሰቡ የታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሌሊቱን አብሬያቸው አልነበርኩም፣ ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ግን ከአምቡላንሱ ካወረዷቸው ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። ካገገሙ በኋላ እያንዳንዳቸውን፣ ያስተናገዷቸውን ባልና ሚስት፣ የካምፐሯን ሸራ የሰፋውን ሰው ሳይቀር ቁጭ ብዬ ጠይቄአለሁ። የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ ስም አልጠራም።

እንድጽፍ የገፋፋኝ ወሬው በሰፈር የተዘጋበት መንገድ ነው። «ከሰል ይዞ መተኛት! አያውቁም እንዴ?» ተባለና አለቀ። የወንድሜ አማት ግን ሰባ ዓመት ሙሉ እሳት እየሞቁ የኖሩ ሴት ናቸው። እዚያው ጮቄ ሥር ተወልደው፣ ምድጃ ዳር አድገው፣ ከነልጆቻቸው እሳት ዳር ተኝተው ምንም አልሆኑም። ስለዚህ መልስ የሚሻው ጥያቄ ያ ሌሊትና ያች ካምፐር ከሌላው በምን ተለዩ የሚለው ነው።

ካምፐሯ

ታጣፊ (ፖፕ አፕ) ካምፐር ላላየ ሰው፦ ሲታጠፍ ከመኪናው ጣራ ዝቅ የሚል፣ በሁለት ጎማ የሚሄድ ሳጥን ነው። ቆመው ማዞሪያውን በእጅ ሲያሽከረክሩት ጠንካራው ጣራ በአራት ምሰሶ ይነሳል፤ ከዚያ ሁለት አልጋዎች ከፊትና ከኋላ እንደ መሳቢያ ተስበው ይወጣሉ። ከጣራው እስከ ሳጥኑ ያለውን ክፍት ቦታ ዙሪያውን የሚሸፍነው ሸራ ነው። በአራቱ ማዕዘን የሚወርዱ እግሮች አሉት፤ እነሱ እንዳይወዛወዝ ይደግፉታል እንጂ ክብደቱን አያነሱም። ዝቅ ብሎ ስለሚጎተት ነፋስ ብዙ አይገፋውም፤ መካከለኛ ፒካፕ ያለ ችግር ይስበዋል። ዕቃ አጫጫኑ ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መኪናው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት። ውሃውን በጀሪካን ሞልቶ ከኋላ የጫነ ሰው ቁልቁለት ላይ ተጎታቹ ጅራቱን ሲያወዛውዝበት ያየዋል። ወንድሜ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ከመኪና ጋር የሚውል ሰው ነው።

ካምፐሯን የገዛው ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ከሚመለሱ የውጭ ሰዎች ነው። እርጥብ እንዳለ ታጥፎ ስለከረመ ሸራው ሻግቶ፣ እጥፋቱ ላይ ተበልቶ ነበር። የመጀመሪያው ሸራ ጥጥ የበዛበት፣ ሲነኩት ወፍራም ጨርቅ ነው የሚመስለው፤ በየጎኑ መረብ ያለው መስኮት፣ ጣራው ላይ ደግሞ የሚከፈት መተንፈሻ ነበረው። ወንድሜ ማርቆስ ውስጥ የጭነት መኪና ሸራ ለሚሰፋ ባለሙያ ወስዶ አሳደሰው። አዲሱ በላስቲክ የተለበጠ የጭነት ሸራ ሆነ። አቧራና ብርድ ያስገባሉ ተብሎ ከመስኮቶቹ አንዱ ብቻ ቀረ፤ እሱም በግልጽ ፕላስቲክ ተሸፈነ። የጣራው መተንፈሻ በክረምት ስላንጠባጠበ ዙሪያው በሲሊኮን ተደፈነ። ሸራ ሰፊው ሲነግረኝ፣ «ውሃ እንዳያስገባ አርገህ ሥራልኝ ነው ያለኝ፤ እኔም ጠብ የማይል አርጌ ሠራሁለት» አለ። እውነቱን ነው። ስፌቱ እስከ ዛሬ ልቅም ያለ ነው። ነሐሴ ላይ ግቢው ውስጥ ዘርግተው ሲሞክሩት አንዲት ጠብታ አልገባችም። ከዝናቡ ጋር አየሩም መቅረቱን የሚያሳይ ነገር ግን ያን ቀን አልነበረም።

ልጆቹ ወደዷት። በአቅራቢያ ወጣ ብለው እያደሩባት ተለማመዱ፤ ሁልጊዜም ምግብና ቡናው ውጭ ነበር። የግማሽ ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ አማትየው አንድ ነገር ጠየቁ፦ የተወለዱበትን ቀዬ ማየት። መሬት ላይ መተኛት ወገባቸው አይችልም፤ የሰው ቤት መክበድም አይወዱም። ካምፐሯ አልጋ አላት። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ አሁንም ያማረ ነው የምለው።

የደረሱበት ግቢ

ከማርቆስ ወደ ጮቄ የሚያወጣው መንገድ ስናንን አልፎ ሽቅብ ሲል አየሩ በግልጽ ይለወጣል። ጤፉ ይቀርና ገብስና ድንች ይጀምራል፤ ከፍ ሲሉ የደጋው ዕፅዋት አስታ፣ ከዚያም ጅብራ ይታያሉ። ተራራው ጫፉ ላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እነሱ ያደሩት ከዚያ በብዙ ዝቅ ብሎ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጥር ላይ ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል።

በአማትየው በኩል በሩቁ የሚዛመዱ ባልና ሚስት ተቀበሏቸው፤ ክርክሩም ወዲያው ተጀመረ። «ቤት እያለ ሜዳ ላይ ሊያድሩ? ሰው ምን ይለናል?» አሉ አባወራው። አማትየው፣ «አያ፣ ቤቷ እኮ ከኛው ጋር ናት፤ አልጋዋም እሷው ውስጥ ነው» ብለው ለመኗቸው። በመጨረሻ ካምፐሯ ከአጥሩ ውስጥ፣ ከከብቶቹ በረት አጠገብ እንድትቆም ተስማሙ። ጣራው ተነስቶ ሸራው ሲወጠር ከላይኛው መንደር ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየተጣደፉ ወረዱ። «ማን አርፎ ነው?» ግቢ ውስጥ በድንገት ድንኳን ከተተከለ ለቅሶ ነው ብሎ ማሰብ ያለ ነው። አስቀመጧቸው፣ ጠላ ቀመሱ፣ ልጆቹን ስመው ሄዱ። ይህን የማነሳው በኋላ ለመጣው ነገር ጉዳይ ስላለው ነው፤ ካምፐሯ ከሰው ርቃ ሜዳ ላይ ብትቆም ኖሮ የዚህ ጽሑፍ መጨረሻ ሌላ በሆነ።

ማንደጃው

ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታ። ቡናው ውጭ ተጀምሮ፣ አቦሉ ሳይወርድ ወደ ውስጥ ገባ። ከሰሉ የአዊ ነው። ፋግታ ለኮማና ባንጃ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ማሳው ላይ ተክሎ በጥቂት ዓመት ቆርጦ ያከስላል፤ በጆንያ ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። በደንብ የከሰለ ስለሆነ አይጨስም፤ ገዢው የሚወድለትም ይህን ነው። በረካው ወርዶ ስኒው ሲሰበሰብ ማንደጃው ላይ የቀረው ደማቅ ፍም ብቻ ነበር።

የወንድሜ ሚስት ልታወጣው እጀታውን ያዘች። እናቷ፣ «ተይው ልጄ፣ ጭሱ ወጥቶለታል እኮ፤ ፍም ምን ያደርጋል» አሉ። እንዳይበተንም አመድ አለበሱት። ከሰሉ ረመጥ ሆኖ እስከ ንጋት እንዲያሞቅ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። እሷ በሩን በእጅ ስፋት ክፍት አድርጋ ተኛች። ሌሊት ነፋሱ ዞሮ ሕፃኑ ላይ ሲመጣ አማትየው ተነስተው ዚፑን እስከ ታች ዘጉት። ወንድሜ መኪናው ውስጥ ነበር የተኛው፤ ካምፐሯ ለአራት ሰው ነው የምትበቃው።

ሰባት ሰዓት ገደማ ሌሊት የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ ራሷን አሟት ነቃች። አያቷ፣ «ብርድ ነው የእኔ እመቤት» ብለው ጋቢያቸው ሥር አስገቧት። ቀጥሎ ትንሹ አስመለሰው፤ እናቱ ማታ የጠጣው ወተት መሰላት። ልትነሳ ሞከረች፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ተመልሳ ተኛች። ከነገረችኝ ሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነው፦ ፍርሃት አልተሰማትም። «እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ፤ ግን ደስ የሚል እንቅልፍ ነበር የያዘኝ፤ ነገ እጠርገዋለሁ ብዬ ተኛሁ» አለችኝ። ይህ ጋዝ ሰው አደጋውን ሳይረዳ ማመዛዘኑን ይወስድበታል። ሰው ታፍኖ ሲነቃ የሚታገለው ትግል እዚህ የለም።

ንጋት

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የግቢው እመቤት ላም ልታልብ ወጣች። ከሸራው ውስጥ የልጅ ማቃሰት ሰማች። ተጣራች፤ የሚመልስላት አጣች። ዚፑን ስትከፍት የወጣው ሙቀት ፊቷን እንደመታት፣ ምንም ዓይነት ሽታ ግን እንዳልነበረው ነግራኛለች። ማንደጃውን አየችና አንድ ጊዜ ኡኡ ብላ ትንሹን በብብቱ ይዛ ሣሩ ላይ አወጣችው። ወንድሜና ባለቤቷ ሲደርሱ ልጅቷን እያወጣች ነበር። ቀጥሎ እናትየው፣ መጨረሻ አማትየው ወጡ። አማትየው አይመልሱም፤ ይተነፍሳሉ ብቻ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ የቆረጠ አለ፤ ሎሚ የጨመቀ አለ፤ አንዷ ወተት በጣሳ ይዛ አማትየው አፍ ላይ ልታደርግ ስትል የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሮጣ ደረሰች። ጣሳውን አስጣለች። ራሱን የሳተ ሰው የሚጠጣ ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጎናቸው አስተኝታ አንገታቸውን ቀና አደረገች፣ ሁሉንም ከበረቱ ራቅ አድርጋ ነፋስ የሚያገኙበት ቦታ ላይ አስተኛቻቸው። የዚያች ወጣት ውለታ ከአእምሮዬ አይጠፋም።

ቀጥሎ ጊዜ የበላው መኪናው ነው። መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ካምፐሯ ከፒካፑ ሳትፈታ ነበር ያደረችው። ጣራው ቆሟል፣ እግሮቹ ወርደዋል፣ ክብደቱ መንጠቆው ላይ ስለተጫነ መቆለፊያው አልላቀቅ አለ። ወንዶቹ ተሰብስበው ሳጥኑን በትከሻ ቀና ሲያደርጉት ነው የተፈታው። ያ ደቂቃ ስንት እንደነበር ወንድሜ አሁንም መናገር አይችልም፤ ሲጀምር ድምፁ ይሰበራል።

ጤና ጣቢያ የነበረው የጤና መኮንን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በልጅቷ ጣት 98 በመቶ አሳየ። እሱ፣ «ይህን ቁጥር አትመኑት» ብሎ ያለውን አንድ የኦክስጅን ማሽን ለአማትየውና ለትንሹ አደረገ፤ አምቡላንስ ጠራ፣ ወደ ማርቆስ ላካቸው። መሣሪያው አልተበላሸም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የያዘውን ሂሞግሎቢንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ለይቶ አያይም፤ ሁለቱም ቀይ ናቸውና እንደ ጤነኛ ይቆጥራቸዋል። ቁጥሩን አምኖ «ደህና ናችሁ፣ ግቡ» የሚል ሰው ቢያጋጥማቸው ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ሸራው ውስጥ የተፈጠረው

ከሰል ሲነድ አየር በበቂ ካላገኘ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አየር ቢያገኝም እንኳ ጥቂት የማይባል ያወጣል፤ ከ1 ኪሎ ከሰል ከ100 ግራም በላይ ቢወጣ የተለመደ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ሳንባ ሲገባ ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ሂሞግሎቢንን ይይዛል፤ ደሙ ይዞራል፣ የሚያደርሰው ኦክስጅን ግን ያንሳል።

ካምፐሯ ተዘርግታ ውስጧ 20 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ማንደጃው ላይ የቀረው ከሰል ግማሽ ኪሎ ቢሆን፣ ቢያንስ 50 ግራም ጋዝ ማለት ነው። ምንም ባይወጣ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 2,500 ሚሊ ግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት የፈቀደው 35 ሚሊ ግራም ነው፤ ሰባ እጥፍ ገደማ። በስፌቱና በዚፑ የወጣው ወጥቶ እንኳ የቀረው ለአራት ሰው በቂ ነበር።

አሁን የአማትየው ሰባ ዓመት ይመለስ። ያደጉበት ቤት ክዳኑ ሣር ነው፤ ግድግዳው ከጣራው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያውን ይተነፍሳል። የሚነደው አብዛኛውን ጊዜ እንጨት ስለሆነ ሲታፈን ጭሱ ዓይን ይቆጣል፤ ሰው ሳይወድ በሩን ይከፍታል ወይም ይወጣል። ያ ጭስ ሳንባን ይጎዳል፣ ያንንም በየቀኑ ክፍላችን እናየዋለን፤ እንዲህ በሚተነፍስ ቤት ግን በአንድ ሌሊት መግደሉ ብርቅ ነው። በላስቲክ የተለበጠ ሸራ ውስጥ የማይጨስ ከሰል ሲገባ ሁለቱም መከላከያዎች ጠፉ። ቤቱ አይተነፍስም፤ እሳቱም አያስጠነቅቅም። «ጭሱ ወጥቶለታል» የሚለው ምልክት አማትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማመኑበት ነው፤ የጋዙን መኖር አለመኖር ግን አይናገርም። ጭስና ይህ ጋዝ አንድ አይደሉም፤ አመድ የለበሰ ረመጥ ደግሞ በዝግታና በአነስተኛ አየር ስለሚነድ ሌሊቱን ሙሉ ጋዙን ያወጣል።

ከፍታውም አግዟል። 3,000 ሜትር ላይ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲተያይ በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ራስ ምታትና ማስመለስ ሲመጣ «ከፍታው ነው፣ ብርዱ ነው» ለማለትም ይመቻል። እንደ ነርስ አንድ ምልክት ብቻ ያዙ ብባል ይህን እላለሁ፦ አንድ ጣራ ሥር ያደሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት ራሳቸውን ካመማቸው መጀመሪያ በሩ ይከፈት፣ መጀመሪያ ይወጣ።

እግረ መንገዴን፣ ይህ የካምፐር ብቻ ጣጣ አይደለም። ማርቆስ ውስጥ የሣር ቤት ፈርሶ በመስታወትና በአሉሚኒየም የተዘጋ ቤት በየቀኑ እየተሠራ ነው፤ ማንደጃው ግን ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ

ጋዙ በተራ አየር ከደም እስኪቀንስ ግማሹ ብቻ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭምብል በሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ልጆቹ በማግስቱ ቆመው ሄዱ። እናትየው ራስ ምታቱ ቀናት ቆየባት። አማትየው ነቅተው፣ ተነጋግረው፣ ወደ ቤት ከገቡ በኋላ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ መርሳት ጀመሩ፤ ቁልፍ ያስቀመጡበትን፣ የልጅ ልጃቸውን ስም ሳይቀር። ይህ መመረዝ ከተሻለ በኋላ ተመልሶ አንጎል ላይ የሚታይበት ጊዜ አለና ስንከታተላቸው ነበር። ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል ተመለሱ። ከእንግዲህ አትውሰዱኝ ይላሉ ብለን ስንጠብቅ፣ «ጥፋቱ የከሰሉ እንጂ የአልጋው ምን አለበት» አሉ።

ወንድሜ ካምፐሯን ወደዚያው ሸራ ሰፊ መለሳት። ግድግዳው በጥጥ ሸራ ተተካ፤ ላስቲኩ ለብቻው ከላይ፣ በመሐል አየር እንዲያልፍ ተደርጎ፣ ለዝናብ ብቻ የሚዘረጋ ሆነ። የጣራው መተንፈሻ ተከፈተ፤ ዝቅ ብሎ በአንደኛው ጎን፣ ከፍ ብሎ በሌላኛው የማይዘጋ መረብ ገባ። ሸራ ሰፊው አሁን ሰው የሚተኛበት ነገር ሲመጣለት መስኮት ድፈን ቢሉት እሺ አይልም። ብርዱ የሚመጣው በዋናነት ከአልጋዎቹ ሥር ነው፤ ከሳጥኑ ውጭ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸውና ነፋስ ከታች ያገኛቸዋል። ከፍራሹ ሥር አጎዛ ተነጠፈ፤ ሙቅ ውሃ የሞላ ኮዳ በጨርቅ ተጠቅልሎ እግር ሥር ይገባል። ይህ ከማንደጃው የበለጠ ያሞቃል፤ ልጆቹን ጠይቁ። ፒካፑ ማታውኑ ተፈትቶ አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ ያድራል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ ባለ ባትሪ መሣሪያ ላከ። ጋዙ ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ወለል ላይ አይረጋም፤ መሣሪያው በትራስ ቁመት ተሰቀለ።

በጥር 2013 ዓ.ም. የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት ወደ እንጅባራ ሄዱ፤ በዓሉ ጥር 23 ነው። ካምፐሯን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ፈቃድ ጠይቀው አቆሙ። ሐይቁ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለ፣ በደን የተከበበ፣ እጅግ ጥልቅ ነው፤ ማታ ማታ ከዛፎቹ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል። ቡናው በደንቡ ውጭ ተፈላ። አንዷ እንግዳ ግን ነፋሱን ለመሸሽ ማንደጃውን ገፋ አድርጋ ከኋለኛው አልጋ ሥር ከለለችው። ሁለተኛው ሳይወርድ መሣሪያው ጮኸ። ቁጥሩ (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል የጋዙ ድርሻ) 130 ይል ነበር፤ አልጋው ላይ ተኝቶ ሲጫወት የነበረው ትንሹ ልጅ ነው። እናቱ በአንድ እጇ አወጣችው። ማንደጃውን አርቀው ሁሉንም ከፍተው ሲጠብቁ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወደ ዜሮ ወረደ።

ወንድሜ ባትሪ አብርቶ ከአልጋው ሥር ገባና ሸራው ከጣውላው ጋር የሚያያዝበትን ጠርዝ ዳሰሰ። ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ዙሪያውን አለው፤ ሲሠራም እንዲሁ ነው የተሠራው። አልደፈነውም። ከካምፐሯ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ ለማንደጃው የሚሆን ቦታ በድንጋይ ከበበ፤ አሁን ባቆሙበት ሁሉ ጣራው ከመነሳቱ በፊት ልጅቷ ድንጋይ ትለቅማለች።